ልጦ መለጠፍ ነው

የወጥ ቤቴን መብራት መቀየር አንድ ሙክት አስወጥቶኛል።

«እኔ እያለሁ ባለሙያ ለምን?» የሚል ወዳጅ የላችሁም? እድለኞች ናችሁ! የእኔው ሰኢድ፣ ሰንበቴ ገበያ በግ አብሮኝ የሚነግደው፣ እጁ ማረፍ አይችልም። አማቴ ከረጅም ኩርፊያ በኋላ እኛ ዘንድ ሊያፈጥሩ በመጡ ዕለት ከምድጃው በላይ ካለው ካቢኔት ሥር ደህናውን ፍሎረሰንት ነቅሎ፣ ተለጣፊ ኤልኢዲ ይዞ ቆመ።

«መጀመሪያ ቅባቱን ጥረገው» አለች ሚስቴ።

«አብሽሪ! ልጦ መለጠፍ ነው።»

ለአዛን ጥቂት ሲቀር አማቴ ሾርባውን ሊያዩ ጎንበስ አሉ። እንፋሎቱ ሙጫውን አላቀቀውና መብራቱ እንደበራ ድስቱ ውስጥ ገባ፤ ሾርባው አዲሱ ሻሻቸው ላይ ተረጨ።

«ይሄ ይጠጣል ወይስ ይሰካል?» አሉና ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሂሳቡ ይኸው፦ ሙክቱ ለዕርቅ ታርዷል፤ አማቴ ታርቀዋል፤ አሮጌው ፍሎረሰንት ቦታው ተመልሷል፤ ሰኢድ ቧንቧዬን እያየ ነው።