ቫርኒሽ የተቀባው ዱባ

ሰው ዱባ ቫርኒሽ ይቀባል ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔም አላምንም ነበር።

የምኖረው አቦቦ ነው፤ አባቴ በሰፈራ ከወሎ መጥቶ ያቀናውን መሬት አርሳለሁ። አምና በጾሙ ወራት እትዬ ዘሃራ፣ ጋምቤላ ከተማ ሆቴል ያላቸው ሴትዮ፣ "ያማረ ያማረውን ዱባ መርጠህ አምጣ" ብለው ላኩብኝ። ለወጥ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ወሰድኩላቸው።

በሳምንቱ ለጉዳይ ከተማ ገብቼ ጎራ ብል፣ ዱባዎቼ እንግዳ መቀበያው ላይ ተደርድረዋል! በበረኪና ታጥበው፣ ቫርኒሽ ተለቅልቀው እንደ ሙሽራ ጫማ ያበራሉ። የአንዱ ቂጥ በስብሶ ይንጠባጠባል። ወጥ ቤቷ አጁሉ ወለሉን እየጠረገች፣ "እኛ አኝዋኮች ዱባ እንበላለን። እዚህ ዱባ ይታያል" አለችኝ።

ደሜ ፈላ። እህል እኮ ነው! ከዝንጀሮና ከከርከሮ ጋር ስንት ቀን የተናነቅኩበት! እንኳን ሰው፣ ዝንጀሮው እንኳ ሲሰርቀኝ ሊበላው ነው።

እትዬ ዘሃራ መጡ። ያፍራሉ ስል ጭራሽ እኔኑ ወቀሱኝ። "ዱባህ አይረባም። እንግዳ ፎቶ ሳይጠግብበት በሰበሰ።"

አይረባም? የእኔ ዱባ? እህል ነው የሚለውን ክርክሬን እዚያው ረሳሁት።

"የማይረባው አያያዝሽ ነው!" አልኩ። አንቱታውም በንዴት ጠፋኝ። "በቫርኒሽ አፍነሽው እንዴት አይበሰብስ? ውሃ አታስነኪው! መጀመሪያ ቆዳው ፀሐይ ላይ ይጠንክር። ከሐረጉ የቀረው እጀታው እንዳይነቀል። ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ፣ ነፋስ ባለው ጥላ፣ ሳይነካካ ይቀመጥ። ቁስል ያለበትን ዛሬውኑ ለወጥ!"

"ወሬ ነው" አሉ እትዬ ዘሃራ።

ወሬ? በነጋታው ለዘር ያስቀመጥኳቸውን፣ ያሉኝን አራት ዱባዎች ጭኜ መጣሁ። አፍ ለማስያዝ! ራሴ የእንጨት አልጋ ሠርቼላቸው፣ ራሴ ደርድሬ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ አቦቦ ተመለስኩ። ንዴት ይሉኝታ የለውም ይባላል፤ እኔ ግን አእምሮም የለውም እላለሁ።

ዝናቡ ሲቃረብ ደወልኩ። "እትዬ፣ አንዷን እንኳ ለዘር ይመልሱልኝ።"

"ውይ ወንድሜ!" አሉኝ። "ድንጋይ ናቸው እኮ፣ ንክች አላሉም። እንግዳው ሁሉ ለምዷቸዋል፤ ድርድሩን እንዴት ላፍርሰው? አላህ ይስጥህ፣ ምክርህ ሠርቷል።"

ዘሩን ከገበያ ገዛሁ። የወጣው ዱባ ሳምንት አይቆምም። የድሮ ዱባዬ ሲናፍቀኝ ከአቦቦ ተሳፍሬ እትዬ ዘሃራ ሆቴል እሄዳለሁ፤ ሻይ አዝዤ ትይዩ ቁጭ እላለሁ። ባለፈው፣ አይፈረድብኝምና፣ አብሬያቸው ፎቶም ተነሳሁ።