ጠርሙስ ውሃ ይዞ ሐይቅ መዞር

የእኛ ሰው መንገድ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም። ሻንጣው የራሱ ቢሆንም ውስጡ የሰፈሩ ነው። «ትንሽ ነገር ናት፣ ቦታ አትይዝም» የምትል ንግግር አለች፤ እናንተም ሰምታችኋታል፣ ምናልባትም ብላችኋታል። እኔ እስካሁን ባየሁት ቦታ የማትይዝ ትንሽ ነገር ከሦስት ኪሎ አታንስም። ስለዚህ ብልህ መንገደኛ ሄዶ ከተመለሰ በኋላ ነው «ሄጄ ነበር» የሚለው።

ታደሰ ብልህ መንገደኛ አልነበረም።

ታደሰ ዴንቨር ውስጥ ሞንትቤሎ በሚባል ሰፈር ጎረቤቴ ነው። ዘጠኝ ዓመት ዴንቨር ኤርፖርት ላይ ታክሲ ነድቷል። ለእረፍቱ ምን እንደሚያምረው ብጠይቀው «መንዳት» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ግራ ሲሉኝ ግራ፣ ቀኝ ሲሉኝ ቀኝ ብያለሁ» አለኝ። «አንዴ እንኳ ማንም ሳያዘኝ ልንዳ እንጂ!»

ከታክሲው የፀሐይ መከለያ ላይ አንድ ተሳፋሪ ረስቶት ከሄደው መጽሔት የተቀደደ ካርታ ሰክቷል። ሌክ ሱፒሪየር ነው። ጣናን ከሃያ ጊዜ በላይ የሚውጥ ሐይቅ ነው፤ ዙሪያውን መንገድ አለው። በሚኒሶታ ይገባሉ፣ ድንበር ተሻግረው በካናዳ በኩል ይዞራሉ፣ በድልድይ ወደ ሚሺጋን ይመለሳሉ። ታደሰ ይህን ካርታ ሁለት ዓመት እያየ ሰው አመላልሷል። ሁለታችንም የአሜሪካ ፓስፖርት እጃችን በገባበት በጋ ጉዞው ቁርጥ ሆነ። እኔ ጋዜጠኛ ነኝ፤ ካርታም አነባለሁና አብሬው ልሄድ ተስማማሁ። አንድ ነገር ብቻ አስማለኝ፤ ክቡ እስኪዘጋ ድረስ ከሐይቁ ዳር ላንወጣ።

ከዚያ ታክሲዎች ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ ላይ ለአንድ ባልደረባው «ካናዳ ደርሼ ልምጣ» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። በነጋታው ዴንቨር ዙሪያ ከግሌንዴል እስከ ኮሜርስ ሲቲ ድረስ ቶሮንቶ ዘመድ ያለው ሁሉ ሰምቶ ነበር። እስከ እሑድ ሰባት ጥቅል ደረሰን፤ ሁሉም ትንሽ፣ ሁሉም ቦታ የማይይዝ።

የመጨረሻዋን ይዘው የመጡት እማማ አስካለ ናቸው፤ ኦሮራ የሚኖሩ፣ በቤተ ክርስቲያን ሁሉም የሚፈራቸው እናት። ትልቅ የመንገድ ካርታ ዘርግቼ ቶሮንቶ ከሐይቁ ምን ያህል እንደሚርቅ በጣቴ አሳየኋቸው።

«ካናዳ አይደለም እንዴ የምትሄዱት?» አሉኝ።

«ነው እማማ። ግን ካናዳ ሰፊ ናት።»

«ብትሰፋስ? መኪና አላችሁ አይደል?»

ካርታውን አጠፍኩ። ወደ ታደሰ ዞረው በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ ነገር ጭናቸው ላይ አድርገው «ለልጄ ለሰናይት ነው። ራሷን እያመማት ነው። በእጇ፣ ልጄ። በእጇ ነው የምልህ» አሉት። ታደሰ ተቀበለ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁሉንም ጥቅል ከመጀመሪያው የካናዳ ፖስታ ቤት ልንልክ ነበር ያሰብነው።

ነብራስካንና አዮዋን አልነግራችሁም፤ በቆሎ ነው። ሚኒሶታ ላይ ሐይቁ ብቅ ሲል ግን ታደሰ ሬዲዮውን ዘጋ። ውሃው በቀኛችን ነበር፤ ጫፍ የለውም። ለሦስት ሰዓት ያህል ዝግ ብሎ ነዳ፤ ለታክሲ ነጂ ይህ ብርቅ ነገር ነው።

ድንበሩ ላይ የካናዳው መኮንን «ዕቃውን ራሳችሁ ነው ያሸጋችሁት?» ብሎ ጠየቀ። ታደሰ «አዎ» ሊል አፉን ሲከፍት እኔ «አይደለም» አልኩ። እውነቱ እሱ ነው። ታደሰ እግሬን ረገጠኝ፤ እውነትነቱ ግን አልተለወጠም።

ሰባቱም ጥቅሎች ጠረጴዛ ላይ ተፈቱ። እኛ አደራ ብለን አንዱንም አልነካንም ነበርና ከመኮንኑ እኩል ነው ያየናቸው። በርበሬ ወጣ፤ ሽሮ ወጣ፤ «ሰነድ ነው» ተብሎ የተሰጠን ፖስታ ውስጥ ሦስት የሠርግ ካሴት ተገኘ። በመጨረሻ የእማማ አስካለ ላስቲክ ተራ ደረሰ። ሲፈታ፣ ሲፈታ፣ ሲፈታ አንድ ጠርሙስ ወጣ፤ ክዳኑ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ትንሽ መስቀል ተስሎበታል።

«ምንድን ነው?»

«ውሃ» አልኩ።

መኮንኑ ጠርሙሱን አየ፣ ከዚያ የመኪናችንን ታርጋ አየ፣ ከዚያ እጁን ወደ ሐይቁ አቅጣጫ ዘረጋ። «ከኮሎራዶ ድረስ ውሃ? ወደዚህ?»

ታደሰ ከተሳፋሪ በለቀመው እንግሊዝኛ የተባረከ ውሃ እንደሆነ፣ አንዲት እናት ለታመመች ልጇ እንደላከችው አስረዳ። መኮንኑ ከፍቶ አሸተተ፤ መልሶ ከደነና «መልካም ጉዞ» አለን።

ተንደር ቤይ ከምትባል የካናዳ ከተማ ስድስቱን ጥቅል በፖስታ ላክን። ጠርሙሱ ግን ቀረ። ከኋላ ወንበር መሀል ቀበቶ ታስሮ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ዳሩን ይዘን ስንነዳ ታደሰ በመስታወት እያየው ነበር፤ ልማድ ነው መሰለኝ።

ሱ ሴንት ማሪ የምትባል ከተማ ደረስን። ወደ ሚሺጋን የሚያሻግረው ድልድይ በቀኝ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግማሹ ሐይቅ ይቀራል፣ ክቡም ይዘጋል። ቶሮንቶ በግራ ነው፤ የስምንት ሰዓት መንገድ። የእረፍት ቀናችን ለሁለቱ አይበቃም። ታደሰ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ፓርክ አደረገ።

«ፖስታ አለ» አልኩት።

«በእጇ ነው ያሉኝ።»

«ውሃ እኮ ነው ታደሰ።»

«እሱን አውቃለሁ።»

ካርታውን ከመከለያው ነቅሎ አየው። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሞተር አስነሳና ወደ ግራ ታጠፈ። «ማንም አላዘዘኝም፤ ታዘዘ ብለህ እንዳትጽፍ ደግሞ» አለኝ ቆይቶ። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለው ትዝ አለኝ። የእኛ ግንድ ከግማሽ ሊትር አይበልጥም።

ቶሮንቶ ስንደርስ ሰናይት በሯን ከፍታ ጠርሙሱን በእጇ ተቀበለች። ክዳኑን አየችና ግድግዳውን ተደግፋ ሳቀች።

«ይሄን እኮ አምና እኔ ነኝ የላክሁላት! መስቀሉን የሳልኩት እኔ። ለጉልበቷ ነበር። አልጠጣችውም ማለት ነው?»

«የራስ ምታትሽስ?» አለ ታደሰ፤ ድምፁ ቀጥኗል።

«እሱማ ከወር በፊት ተወኝ።» እራት አበላችን፤ አሳደረችን። ጠዋት ስንነሳ ጠርሙሱን ለታደሰ ሰጠችው። «ጉልበቷን ያማታል። በእጇ፣ እሺ?»

ከቶሮንቶ ወደ ዴንቨር አጭሩ መንገድ በዲትሮይትና በቺካጎ በኩል ነው፤ የታደሰ ሐይቅ በዚያ የለም። ታደሰ እስከ አዮዋ ድረስ አኩርፎ ነዳ። በቆሎው መሀል ቁርስ ስንበላ የጋዜጠኛ ልማድ ሆኖብኝ የሄድንበትን ሁሉ በትልቁ የመንገድ ካርታ ላይ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ሁለት ጊዜ አረጋገጥኩ። መስመሩ ዞሮ ገጥሟል፤ ውስጡ ሱፒሪየር ብቻ ሳይሆን ሂዩረንና ሚሺጋን የሚባሉት ሐይቆችም አሉ። ሰውዬው አንድ ሐይቅ ሊዞር ወጥቶ ሦስት ዞሯል። በርግጥ ያየነው የአንዱን ግማሽና የሌሎቹን ጥግ ጥግ ነው፤ ካርታ ግን ስለማየት አይጠይቅም።

ታደሰ መስመሩን በጣቱ ሄደበት። ከዚያ እንቁላሉን ጨረሰ። ታክሲ ሜዳው ላይ ዛሬም «ሦስት ሐይቅ ዞርኩ» ሲል ሰዎች ወደ እኔ ያያሉ፤ እኔም «እውነት ነው» እላለሁ።

ጠርሙሱን ኦሮራ ስናደርስ በሩን የከፈቱልን እማማ አስካለ ራሳቸው ናቸው፤ ያለ ምርኩዝ።

«ለጉልበትዎ ነው ብላለች» አለ ታደሰ።

«ጉልበቴማ ዳነ። ምነው አልጠጣችም?» ብለው ጠርሙሱን ተቀብለው ሳሙትና ቁም ሳጥን ላይ መለሱት። «እንግዲህ ካናዳ የሚሄድ ስታገኙ ንገሩኝ።»

እኔ በማየው ነገር ነው የማምነው። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ሙሉ ነው፤ አንድ ጠብታ አልጎደለም። ሁለቱም ድነዋል።