ነፋስን የማያግድ እግድ

[ገንዳ ውሃ፣ ፍርድ ቤት ግቢ። የአንድ የሰሊጥ አምራቾች ማኅበር አባላት የሆኑት አምባውና ዘሩ ግድግዳ ተደግፈው ችሎት ይጠብቃሉ። ጥበቃው ወንበሩን ለአንዲት አሮጊት ለቆ እሱ ፀሐይ ላይ ቆሟል።]

አምባው፦ አጥፍቷል አልኩህ! ወንበሩ የመንግሥት ንብረት ነው።

ዘሩ፦ አያ አምባው፣ እናቲቱ ደከማቸው፣ ተነሣላቸው። ምኑ ነው ጥፋቱ?

አምባው፦ በምን ሥልጣኑ?

ዘሩ፦ እንጃ። ወንበር ያለ ክስ ሲለቀቅ ሳይ ግን ይኸው የመጀመሪያዬ ነው። እግዜር ይስጠው።

አምባው፦ [ተቆጥቶ] ነገርህ ገብቶኛል! ያ ባየልኝ ሊቀመንበርነቴን ቀምቶኝ ዝም ልበል?

ዘሩ፦ ተመረጠ እንጂ መች ቀማ?

አምባው፦ በአንድ እጅ ብልጫ! ይሄ ምርጫ ይባላል? ዘንድሮ ፓርቲውም ሲሸነፍ ጠበቃ ይዞ ችሎት ነው የሚገባው። ፖለቲካ የሚያልቀው እዚህ ነው።

ዘሩ፦ ዳኛዋ የማኅበራችን አባል ናቸው?

አምባው፦ አይደሉም።

ዘሩ፦ ታዲያ እንዴት ይመርጣሉ?

አምባው፦ አይመርጡም፣ ይወስናሉ!

ዘሩ፦ እኛስ?

አምባው፦ እናጨበጭባለና!

ዘሩ፦ አሃ፣ እጃችን የሚፈለገው ለዚያ ነው። ብትሸነፍስ?

አምባው፦ ይግባኝ፣ ጎንደር!

ዘሩ፦ እዚያም ብትሸነፍ?

አምባው፦ ሰበር ችሎት፣ ባሕር ዳር!

ዘሩ፦ ኧረ መንገዱ! ባየልኝ እኮ ከአጥርህ ማዶ ነው ቤቱ።

አምባው፦ ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ፍርድ ቤት ትጠላለህ?

ዘሩ፦ መች ጠላሁ? ዱላ ከመማዘዝ እዚህ መቆም ይሻላል፣ ተመስገን። ግን እኛ እጅ አውጥተን የጨረስነውን ዳኛ ምን ያድርጉት?

አምባው፦ ሕግ አይገባህም። እግድ አስወጥቼበታለሁ! ፍርድ እስኪሰጥ አንዲት ፊርማ አይፈርምም።

ዘሩ፦ አልፈረመም። የናፍጣ ፊርማ ስለሌለ ትራክተሩ ቆሟል፤ ሸራም ሠራተኛም ማሳ አልደረሰ። የታጨደው ሰሊጥ ሂላው ላይ፣ ነዶው ሊደርቅ እንደቆመ፣ አፉን ከፍቶ እየረገፈ ነው።

አምባው፦ ይርገፍ! የማን ሰሊጥ ነው?

ዘሩ፦ ቀድሞ የደረሰው ያንተ ነው። ትናንት ሳልፍ ነፋሱ ያራግፈው ነበር። እግዱ ባየልኝን እንጂ ነፋሱን አላገደም።

አምባው፦ [ደንግጦ] የኔ? ከከሰስኩ ወዲህ እኮ ማሳ አልወረድኩም!

ዘሩ፦ እኔ መቼም ቶሎ አይገባኝም። የምርጫው ዕለት ፈልጌ አጣሁህ፤ የት ነበርክ?

አምባው፦ እዚሁ! እናንተ እጅ ስታወጡ እኔ ምርጫውን ላሳግድ ተሰልፌ ነበር። ቀድሜያችሁ!

ዘሩ፦ እኔስ ላንተ አወጣሁ። ለራስህ ማን ያውጣልህ?

አምባው፦ እዚህ ቆሜ እንዴት ላውጣ?

ዘሩ፦ ያንተ እጅ ቢጨመር እኩል ነበራችሁ። እኩል ከሆኑ በዕድሜ ታላቁ ይሁን ብለህ ደንቡን ያስጻፍክ አንተ፣ ታላቁም አንተ።

[አምባው ቀኝ እጁን አገላብጦ ያያል። ከውስጥ ስሙ ይጠራል።]

ዘሩ፦ ግባ እንጂ። አንዷን እጅ የወሰደብህን ሰው ንገራቸው።

አምባው፦ ክሱን ላነሣ ነው የምገባ። [ድምፁን ዝቅ አድርጎ] ዘሩዬ፣ እስኪ ውለታ ዋልልኝ... ለሊቀመንበራችን ደውልና፣ ትራክተሩን ከኔ ማሳ እንዲያስጀምሩልኝ ለምናቸው።