የቀንበሩ ግራ በኩል

ትናንት ሌሊት በሕልሜ በሬዬ ቦራ ገበያ አውጥቶ ሸጠኝ። ቀን እኔ እሱን ሸጬው ስለነበር ብዙም አልገረመኝም።

የማዳበሪያ ዋጋ በየዓመቱ ሽቅብ እየወጣ ዘንድሮ ጭራሽ የማይቀመስ ሆነ። እኔም ቆርጬ ያለኝን አንድ በሬ ሸጥኩና ገዛሁ። የከበደኝ የጎረቤቴ የአንማው ነገር ነው። እሱ አንድ በሬ፣ እኔ አንድ በሬ እያዋጣን በመቀናጆ ነበር የምናርሰው፤ ሳልነግረው ሸጥኩበት። ቢሆንም እኔ መላ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ ሲነጋ አንድ ነገር እለዋለሁ ብዬ ለጥ አልኩ።

ገበያው ጢም ብሏል። ሻጮቹ በሬዎች፣ የምንሸጠው እኛ። ገዢው አንድ ጆንያ ማዳበሪያ ነው፤ ዱካ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ቦራ ከንፈሬን ገልጦ ጥርሴን አሳየው።

«ጉልበቱስ?» አለ ማዳበሪያው።

«አይለግምም። ቸግሮኝ እንጂ የሚሸጥ አልነበረም» አለ ቦራ።

ቀን እኔ ለነጋዴው ያልኩት ይኸንኑ ነበር። አፈርኩ።

ማዳበሪያው ግን ራሱን ነቀነቀ። «አንድ ሰው የአምና ዋጋ ነው፤ ዘንድሮ በጥንድ ነው» አለ። ወዲያው የአንማው በሬ አንማውን እየነዳ መጣ።

ከዚያ እርሻ ላይ ነን። አንማውን በቀኝ፣ እኔን በቦራ ቦታ በግራ ጠመዱን። የግብርና ባለሙያው መጥቶ በሬዎቹን «በመስመር ዝሩ» ብሎ መከራቸው። እሺ አሉት፤ ዞር ሲልላቸው ዘሩን እንደ እኛው በተኑት። እኔም ይኼኔ ልንገረው ብዬ፣ በሬዬን መሸጤን በቀንበሩ ስር ለአንማው አንሾካሾኩለት።

«ዝም ብለህ ሳብ» አለኝ። «ሰው አፍ የለውም።»

ጅራፉ ሲጮህ ነቃሁ። ለካ በር እየተንኳኳ ነው። ስከፍት አንማው እሱ ቤት የከረመውን ቀንበሬን ተሸክሞ ቆሟል። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ የጤፍ መዝሪያው ደርሷል።

«እንዳትቆጣኝ» አለኝ ዓይኔን ሳያይ። «በሬዬን ለማዳበሪያ ሸጬዋለሁ። አንተ ቦራን ይዘህ ሌላ የሚቀናጅህ አታጣም ብዬ ነው።»

ጥግ ላይ ያስቀመጥኩትን ማዳበሪያ በእጄ አመለከትኩት። አንማው ማዳበሪያውን ብዙ አየው፤ ቀጥሎ ባዶውን ጋጣ አየ። ቀንበሩን ከትከሻው አወረደና በመካከላችን አስቀመጠው።

«በየት በኩል ትገባለህ?» አለኝ።

«በግራ» አልኩት። «ለምጄዋለሁ።»