እግር ማውረድ ክልክል ነው

እስቲ ተረት ልንገራችሁ፤ ላሟም በበረቷ ትረፍ፣ እናንተም ወደ እኔ ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ አውሬዎች መኪና መንዳት በተማሩበት ዘመን፣ በአንድ ሰፊ ጫካ ውስጥ አንዲት አህያ ትኖር ነበር። እመት አህዪት ይሏታል። አህዪት ብዙ ዓመት የሰው እህል፣ የሰው እንጨት፣ የሰው ውሃ ስታመላልስ ኖራ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛች። መኪናዋ ቀለሟ የተላጠ፣ የግራ በሯ በሽቦ የታሰረ ነበረች። ግን አራቱም ጎማዋ ይጎትታል፤ ዳገት አትፈራም።

መኪና ብትገዛም ጫካው ዓይኑን አልቀየረም። መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ሰላም ከማለቱ በፊት ጀርባዋን ያያል። ጀርባዋን ሲያይ ደግሞ ቤቱ ያለው ጆንያ ትዝ ይለዋል።

«እመት አህዪት፣ በዚያ በኩል የምታልፊ ከሆነ ይቺን ብቻ...» ይላታል።

አህዪት ይህ ነገር የሚያበቃው የአቀበት ክለብ አባል ስትሆን እንደሆነ ገባት። የአቀበት ክለብ ማለት ክረምቱ ሊወጣ ሲል መኪናቸውን አሰልፈው መንገድ የሌለበት ተራራ የሚወጡ አውሬዎች ስብስብ ነው። አባል የሆነ ሁሉ የመኪናው መስታወት ላይ ቢጫ ምልክት ይለጠፍለታል። ቢጫ ምልክት ያለውን አውሬ ደግሞ ማንም ደፍሮ ጆንያ ያዝልኝ አይለውም። አህዪት ከመስታወቷ ጥግ ለምልክቱ የሚሆን ቦታ መረጠች። ከዚያ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት ያችን ቦታ ብቻ ስትወለውል ከረመች። ሌላው መስታወት አቧራ እንደለበሰ ቀረ።

የጉዞው ቀን ደረሰ። ከፊት ሊቀመንበሩ ጋሽ ዝሆኔ ጣሪያዋ ለጭንቅላቱ ሲባል በተቀደደ ትልቅ መኪና ቆመ። ከእሱ ቀጥሎ ጸሐፊዋ እመት ጦጢት፣ ከእሷ ቀጥሎ አያ ጅቦ ተሰለፉ። ጦጢት በመስኮት ብቅ ብላ ደንቡን አነበበች።

«አንደኛ፣ ጫፍ ወጥተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ ተመልሰን ሜዳ እስክንገባ ድረስ የአባል እግር መሬት አይነካም። በእግሩ ለሚወጣማ ፍየልም አለ። ሁለተኛ፣ የክለቡን ገመድ ከአባል በቀር ማንም አይነካም።»

«አዲስ ገቢ ከኋላ» አለ ጋሽ ዝሆኔ።

አያ ጅቦ ወደ አህዪት ዞሮ ምራቁን ዋጠ። «ከኋላዬ ከምትሆኚ ከፊቴ ብትሆኚ ደስ ባለኝ» አለ።

«ለእርስዎማ ይመችዎታል፣ አያ ጅቦ» አለች አህዪት፣ መስኮቷን እየዘጋች።

ሞተር ተነሳ። ዳገቱን ተያያዙት። መኪናዎቹ በድንጋዩ ላይ ሲንገጫገጩ ጦጢት ሦስት ጊዜ ከጣሪያው ጋር ተጋጨች፤ ሦስቴም በጣም ያምራል አለች። ከገደሉ አፋፍ አንድ ሰስ ቆሞ ያያቸው ነበር። ሰስ እንደምታውቁት ገደል ለገደል ሲዘል የሚውል፣ ሰው የማያስቸግር ትንሽ እንስሳ ነው።

«ጌቶቼ፣ እግራችሁን ምን አገኘው?» ብሎ በአዘኔታ ጠየቀ።

«ባለጌ» አለ ጋሽ ዝሆኔ፣ ጋዙንም ረገጠው።

ከሦስተኛው ጥምዝ ላይ ምንጭ መንገዱን አቋርጦ ይፈስሳል። የጋሽ ዝሆኔ መኪና እዚያ ስትደርስ እስከ ሆዷ ጭቃ ውስጥ ገባች። ጋዝ ሲሰጣት ጭራሽ ጠለቀች። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል አለት ነውና ማለፍ አይቻልም። ሁሉም ክላክስ ነፉ። ጭቃው ግን ክላክስ አልሰማም።

ጋሽ ዝሆኔ ወርዶ አንዴ በኩምቢው ቢገፋት መኪናዋ እንደ ቅርጫት ብድግ ትል ነበር። አህዪትም ይህንኑ በትሕትና ተናገረች።

«ጋሽ ዝሆኔ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ወረድ ቢሉ...»

«ሊቀመንበር አይወርድም።»

«አያ ጅቦስ?»

«እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያልወረድኩ ነኝ፤ በአንቺ ምክንያት ታሪኬን አላበላሽም።»

ጦጢት ስልኳ ላይ ፎቶ እየመረጠች ነበር። ሰማዩ ጠቆረ። ምንጩም ወፈር እያለ መጣ። አህዪት የወለወለቻትን ጥግ አየች። ምልክቱ የሚለጠፈው ጫፍ ላይ ነው። ጫፍ የሚደረሰው ደግሞ ይህች መኪና ስትወጣ ነው። በሽቦ የታሰረውን በር ፈትታ ወረደች፤ የክለቡንም ገመድ ጠየቀች።

«ገመዱንስ?» አለች ጦጢት ደንግጣ። «አባል አይደለችም እኮ።»

ጋሽ ዝሆኔ ጆሮውን እያርገበገበ አሰበ። «እስክንወጣ ድረስ እንደ አባል ትቆጠር» አለ። «ገመዱን ስጧት።»

«መሬት የነካው እግሬስ?» አለች አህዪት።

«እሱን እላይ እንነጋገራለን።»

አህዪት ድንጋይ ለቅማ፣ ቅርንጫፍ ሰብራ ከጎማው ሥር አደረገች። ገመዱን ደረቷ ላይ አዙራ ጎተተች። ጋሽ ዝሆኔ ከነክብደቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ «አይዞሽ» ይላት ነበር። መኪናዋ ወጣች። ከዚያ የጦጢትን፣ ቀጥሎም የአያ ጅቦን ጎትታ አወጣች። ሲጎተት አያ ጅቦ ዓይኑን ከዳሌዋ አልነቀለም። መጨረሻ ላይ የራሷን መኪና በራሷ አሳለፈች።

ጫፍ ላይ ሲደርሱ ዝናቡ ጥሎ ጥሎ አባራ። መኪናዎቹን ክብ አቁመው በመስኮት አንገታቸውን እያወጡ ፎቶ ተነሱ። አህዪት ጭቃዋን ሳትጠርግ መስታወቷን ደግማ ወለወለች። ጦጢት ቢጫውን ምልክት ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ሌላ ወረቀት አነበበች።

«አመልካቿ በሦስተኛው ጥምዝ ላይ አራቱንም እግሯን መሬት ማሳረፏን አራት ዓይን አይቷል። ስለዚህ አባል ልትሆን አትችልም።»

«እኛም አዝነናል» አለ ጋሽ ዝሆኔ። «ግን ደንብ ነው።»

«አጎታተትሽ ግን ጥሩ ነው» አለ አያ ጅቦ። «ለከርሞ በጎታችነት ነይ። ምሳሽን እኛ እንችላለን፤ አብረን እንበላለን።»

እዚህ ተራራ ጫፍ ላይም ጀርባዋን ነበር የሚያዩት።

«አባል ያልሆነ ሰልፍ ውስጥ አይገባም» አለች ጦጢት። «ቀድመሽ ውረጂ።»

ቀድማ ወረደች። ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ቀድሞ የደረደረችውን ድንጋይ ጎርፍ ወስዶት አገኘችው። ከመኪናዋ ወረደች፤ አዲስ ድንጋይ ደረደረች፤ በቀስታ ተሻገረች። ከኋላዋ ጋሽ ዝሆኔ ድንጋዩን ስቶ በጎን መጣና መኪናው እስከ ሆዷ ሰመጠች። ክላክሱ እንደገና ተነፋ፤ አህዪትም መኪናዋን አቁማ ወረደች።

«እመት አህዪት» ብሎ ተጣራ። «ነይ እንጂ፣ ገመዱን ያዢ።»

«አባል አይደለሁም፣ ጋሽ ዝሆኔ።»

«እንደ አባል ትቆጠሪያለሽ።»

«ተቆጥሬ አይቼዋለሁ።»

እነሱ ተንሾካሾኩ። ከዚያ ጦጢት ቢጫውን ምልክት በመስኮት ዘረጋች። ጭቃው መሀል ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት አበራ። እውነቱን ለመናገር አህዪት አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሳ ነበር።

«በቃ፣ የአንቺ ነው» አለች ጦጢት። «ነይ ውሰጂ።»

አህዪት እርምጃዋን ገታች። «ውረጂና ለጥፊልኝ» አለች። «ቦታው ተዘጋጅቷል።»

ጦጢት ወደ ታች አየች። መሬቱ ከእግሯ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም ነበር። ጋሽ ዝሆኔን አየች፤ አያ ጅቦን አየች። ምልክቱን እንደዘረጋች ቀረች። አህዪት ቆማ ጠበቀች። የጋሽ ዝሆኔ ጎማ እስኪሸፈን ድረስ ጠበቀች። ማንም አልወረደም።

ያን ጊዜ መኪናዋን አስነስታ ቁልቁለቱን ተያያዘችው። ሰሱ ከአለቱ ላይ ዘሎ ከጎኗ እየሮጠ መጣ።

«እመት አህዪት» አላት፣ «እነዚያ ምስኪኖች ለምን አይወርዱም? እግር የላቸውም እንዴ?»

አህዪት ባዶዋን ጥግ አየት አደረገች።

«ነበራቸው» አለች። «አባል ሆነው ነው።»