መሪ የያዘ እጅ ስልክ እንዳይነካ የወጣ መመሪያና አስደሳች ውጤቱ

የሰው ሕይወት ክቡር በመሆኑ፣ ቸልተኝነትን ከሥሩ መንቀል አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ አንድ ስመ ጥር መሥሪያ ቤት ለሹፌሮቹ አሥራ ሰባት ገጽ መመሪያ አወጣ። ፍሬ ነገሩ በአንድ መስመር ያልቃል፤ እየነዱ በሞባይል ማውራት ክልክል ነው። የቀረው አሥራ ስድስት ገጽ ከምናምን ስለ ማኅተሙ፣ ስለ ቃላቱ ትርጓሜና መመሪያውን ያረቀቀው ኮሚቴ ስለሚገባው ምስጋና የሚያትት ነው።

ሐሳቡ መልካም ነው፤ ማን ይቃወመዋል? ጋሽ ቀስበልማ ከማንም በላይ ነበር ደስ ያላቸው። ጋሽ ቀስበል የዋና ዳይሬክተሩ ሹፌር ናቸው። ቁልፍ ተቀብሎ የሚወጣውን ሁሉ «ቀስ በል» ሳይሉ ስለማይሸኙ የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ናቸው ስሙን ያወጡላቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንኳን ሰው ዶሮ ገጭተው አያውቁም። ጡረታ ሊወጡ አሥራ አንድ ወር ቀርቷቸዋል፤ አሥራ አንዷን ወር በሰላም ካለፉ ሌላ ምንም አይፈልጉም። ከዚያ በፊት ከተባረሩ ግን ያቺ ጡረታ ውሃ በላት ማለት ነው።

እንግዲህ መመሪያ ያለ ቁጥጥር ምን ዋጋ አለው? ኮሚቴው ሦስት ቀን በሩን ዘግቶ መክሮ፣ ጤነኛ ሰው ሊደርስበት የማይችል መላ ይዞ ወጣ። የቁጥጥር ክፍል ይቋቋማል። የክፍሉ ስልክ ኦፕሬተር መንገድ ላይ ላሉት ሹፌሮች ቀኑን ሙሉ ስትደውል ትውላለች። ስልኩን ያነሳ ሹፌር እየነዳ ሊያወራ ነውና ይቀጣል። ያላነሳውስ? ያላነሳውማ በቀድሞው መመሪያ መሠረት የመሥሪያ ቤቱን ጥሪ ንቋል፤ እሱም ይቀጣል። ሦስት ማስጠንቀቂያ የደረሰው ይሰናበታል። ይሄን ያሰበ ጭንቅላት ከክፉ ይጠበቅ!

የመጀመሪያው ቀን የጋሽ ቀስበል ስልክ ጮኸ። ጥግ ያዙ፣ አቆሙ፣ ሞተር አጠፉ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡና አነሱት።

«ውይ ጋሼ! ምነው አነሱት?» አለች ኦፕሬተሯ፣ ከልቧ አዝና።

«ኧረ አቁሜ ነው ልጄ! ሞተሩም ጠፍቷል።»

«እሱ የሚሞላበት ቦታ እኮ ፎርሙ ላይ የለም።»

አንድ ማስጠንቀቂያ። በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ጥርሳቸውን ነክሰው ዝም አሉት። ሁለት ማስጠንቀቂያ። በሦስተኛው ቀን ቆብ አውልቀው ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡ።

«ጌታዬ፣ ባነሳም እቀጣለሁ፣ ባላነሳም እቀጣለሁ። ምን ላድርግ?»

ዳይሬክተሩ በኩራት ፈገግ አለ። «አየህ፣ መመሪያችን ለማንም አያዳላም። አነሳ፣ አላነሳ ብሎ ሰው አይለይም።»

ጋሽ ቀስበል አመስግነው ወጡ። ሌላ ምን ይበሉ?

በማግስቱ መመሪያው በይፋ የሚመረቅበት ቀን ነበር። ሚኒስትር ይመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል። ዳይሬክተሩ ከቤቱ አርፍዶ ወጣና ከኋላ ወንበር ላይ ይቁነጠነጥ ጀመር።

«ንዳው እንጂ! ሬሳ ነው እንዴ የጫንከው?»

«ጌታዬ፣ ትምህርት ቤት አጠገብ ነን።»

«ውረድ! ውረድና ጋቢና ግባ፤ እኔ እነዳለሁ።»

መሪውን ያዘና ተፈተለከ። ትምህርት ቤቱን እንዳለፉ ሬዲዮ ጣቢያው ደወለ፤ ስለ መመሪያው ቀጥታ ስርጭት ላይ ቃለ መጠይቅ ሊያደርግለት። እንዲህ ያለ ታሪካዊ ጥሪ እንዴት ይታለፋል? ዳይሬክተሩ በአንድ እጁ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ።

«ውድ አድማጮች፣ እየነዳ ስልክ የሚያነሳ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው! ለምን ቢባል…»

«ጌታዬ፣ ቦቴ! የቆመ ቦቴ!»

«ዝም በል፣ ቀጥታ ስርጭት ላይ ነኝ! …ለምን ቢባል፣ ሐሳቡ ከመንገዱ ላይ…»

ጓ!

የውሃ ቦቴው ምንም አላጠፋም፤ ጥጉን ይዞ ቆሞ ነበር። የመኪናው አፍንጫ ተጨማደደ፣ የጋሽ ቀስበል ቀኝ ክንድ ተሰበረ፣ ዳይሬክተሩ ከንፈሩን ነከሰ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም።

«ክቡር ዳይሬክተር፣ ምንድን ነው የሰማነው?» አለ ጋዜጠኛው።

«እ… የችግሩን አሳሳቢነት ለአድማጭ በድምፅ እያሳየን ነው።»

በማግስቱ ጋሽ ቀስበል ክንዳቸውን በጨርቅ አንጠልጥለው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። መኪናውን ፈርመው የተረከቡት እሳቸው ስለሆኑ፣ በወረቀት የነዱትም እሳቸው ናቸው ተባለ። ሦስተኛው ጥፋት ሞላ፤ የስንብት ደብዳቤ ተሰጣቸው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ብልህ ሰው ነው። «የመሥሪያ ቤቱ ሹፌር ቦቴ ገጨ» እንዳይባል ስንብቱን ከአደጋው በፊት አስቀድሞ፣ በዚያው በአደጋው ዕለት ልክ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንደተሰጠ አድርጎ ጻፈው። ጋሽ ቀስበል ደብዳቤውን ደጋግመው አነበቡት። ጭንቅ የማያስበው የለምና ድንገት ቀና አሉ።

«ይቅርታ፣ አደጋው ስንት ሰዓት ላይ ነው የደረሰው?»

«አራት ሰዓት።»

«እኔ የተባረርኩት?»

«ሁለት ሰዓት ብለናል እኮ! ማንበብ አይችሉም?»

«እህ! እንግዲያውስ አራት ሰዓት ላይ መኪናውን ማን ይነዳ ነበር?»

የኮሚቴው የሕግ ባለሙያ መነጽሩን ሊጠርግ አወለቀ። ሁሉም ሳያስበው ከሰብሳቢው ጎን ወደተቀመጠው ዳይሬክተር ዞረ፤ ዳይሬክተሩ ደግሞ ጣሪያውን ያጠና ጀመር። ጋሽ ቀስበል ተመስገን፣ ጡረታዬ ተረፈች አሉ በልባቸው።

ኮሚቴው እረፍት ጠየቀ። ከምሳ በኋላ ተመለሰና ሰብሳቢው ተነሥቶ አነበበ፦

«ሹፌሩ ሁለት ሰዓት ላይ የተሰናበቱ በመሆኑ፣ በክቡር ዳይሬክተር የሥራ ዝርዝር ውስጥም መኪና መንዳት የሚል ባለመኖሩ፣ በተጠቀሰው ሰዓት መኪናውን የነዳ ሰው እንዳልነበረ ተረጋግጧል። የነዳ ሰው ከሌለ ደግሞ እየነዳ በስልክ ያወራ ሰው የለም። ስለሆነም መመሪያው መቶ በመቶ ተግባራዊ ሆኗል!»

ጭብጨባው ቀለጠ። ጋሽ ቀስበል በደህና እጃቸው ጠረጴዛውን ደበደቡ።

«ቆይ እንጂ ጎበዝ! መኪናው እንዴት አድርጎ ነው ቦቴው ጋ የደረሰው ታዲያ?»

«በራሱ ሄዶ ነዋ» አለ ሰብሳቢው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ይሁን፣ በራሱ ይሂድ! ያጠፋ ሰው ከሌለ እኔም አላጠፋሁም ማለት ነው። ወደ ሥራዬ መልሱኛ!»

ዳይሬክተሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ መጣ። በደህናው እጃቸው በኩል ትከሻቸውን እንደ ልጅ መታ መታ አደረገና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አላቸው።

«ጋሼ፣ ይረዱን እንጂ። በራሱ ለሚሄድ መኪና ሹፌር ምን ይሠራለታል?»