ሊቀ ሲስተም እንዳላማውና የሁዳዴ ዘይት

በየከተማው አንድ ሲስተም አለ፤ ከሲስተሙ አጠገብ ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተቀምጧል። የዚህ ሰው ሥራ ሲስተሙን ወክሎ ይቅርታ አለመጠየቅ ነው። ባንክ ቤት አግኝታችሁታል፣ ቀበሌ አግኝታችሁታል፤ እኛ ደብረ ማርቆሶች ግን ዘይት ልንገዛ ሄደን ነው ያገኘነው። ወጣት ሳለሁ እየተደበቅን በምናነባቸው በራሪ ወረቀቶች ላይ ወዛደር፣ ባላባት፣ ከበርቴ የሚባሉ መደቦች ነበሩ። ይህን መደብ የጻፈልን አልነበረም። ሳንነቃ ደረሰብን።

የኛው፣ ሊቀ ሲስተም እንዳላማው ይባላል፤ የሸማቾች ማኅበሩ ሱቅ ኃላፊ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ያጸደቀው ከተማው ነው። በ2004 ዓ.ም. ሱቁ ኮምፒውተር ገባለት። ማሽኑ ማታ ማታ የዕለቱን ሽያጭ ደምሮ በስልክ መስመር ባሕር ዳር ላለው አከፋፋይ ይልካል፤ የዚያኛው ማሽን ደግሞ ሰው ሳይጠይቅ፣ የተሸጠውን አብዝቶ፣ ያልተሸጠውን ቀንሶ ያስጭናል። ሁለት ማሽኖች ተነጋግረው እኛን ይቀልባሉ ማለት ነው። እንዳላማው ይህን ሲያስረዳ ቅዳሴ ላይ የቆመ ይመስል ድምፁን ዝቅ ያደርጋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰውየው ዞሮ መደርደሪያ አይቶ አያውቅም።

«ስኳር አለ?»

«ሲስተሙ የለም ይላል።»

«ያውልህ እኮ፣ ከኋላህ።»

«ከኋላዬ ያለው አልተመዘገበም።»

የተገላቢጦሹም አለ። መሪጌታ ዘማርያም ጨው ፈልገው ገቡ። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ ሲስተሙ ግን ጨው ሞልቷል ይላል። እንዳላማው ከማሽኑ ዓይኑን ሳይነቅል «አለ፣ አባቴ። አይታይም እንጂ አለ» አላቸው። መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው «የማይታየውን ማመን የኛ ሥራ ነው፣ ልጄ። ያንተ ሥራ ጨው መሸጥ ነው» ብለውት ወጡ።

መብራት የሚጠፋ ቀን ደግሞ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አገጩን በመዳፉ ይዞ፣ ሐዘን እንደ ተቀመጠ ሰው ይሆናል። «ሲስተም የለም» ይላል፤ «ነፍስ ይማር» ማለት ብቻ ነው የሚቀረን። ሻማ ስጠን እንለዋለን። ያለ ሲስተም ሻማ አይሸጥም። መብራት ስለጠፋ ሻማ የማይሸጥ ሌላ ሱቅ በዓለም ላይ ካለ አሳዩኝና ምላሴን እሰበስባለሁ።

ይህን ሁሉ ስቀን አሳለፍነው። የሁዳዴው ግን ለወለተ ሐዋርያት የሚያስቅ አልነበረም።

እትዬ ወለተ ሐዋርያት ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብላ የጾም ምግብ ቤት አላት። በሌላው ወር ቤቷ ዝንብ ነው የሚገባበት፤ መኸሯ ሁዳዴ ናት። የጾመኛን ጠባይ ደግሞ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያውን ሰኞ የበላበትን ቤት እስከ ፋሲካ አይለቅም፤ ሰኞ ያመለጠ እንግዳ የዓመት እንግዳ ነው። የዚያን ዓመት ዘይት ከገበያ ጠፍቶ የሚገኘው ማኅበሩ ሱቅ ብቻ ነበር። ያለ ዘይት የጾም ወጥ ምን እንደሚመስል ለመገመት፣ ድስት የታጠበበትን ውኃ መቅመስ ይበቃል።

የቅበላው ሳምንት መጣ። ያው እንደ ልማዳችን፣ ነገ የሚታረድ ሰው ይመስል ሁላችንም ቅቤና እንቁላል ላይ ዘመትን። ሱቁ ውስጥ የነበረችው ጥቂት ዘይት በዋዜማው ሳምንት አልቃለች፤ አለ ወይ ብሎ ዞር ያለ ግን የለም። ሐሙስ ዕለት ሱቁ ገብቼ እንዲህ አልኩት፦

«እንዳላማው፣ ይህ ሰው ቅቤ የሚገዛው እኮ ሊጾም ስለሆነ ነው። ማሽንህ ይህን ያውቃል?»

«ሲስተሙ የሚሠራው በመረጃ ነው።»

«ሰኞስ ቅቤውን ማን ይገዛልሃል?»

«ይህ የግል አስተያየትህ ነው፣ ጋሼ።»

ልብ በሉ፤ ይህን የሚለኝ ሰው በልጅነቱ ዲያቆን ነበር። ሁዳዴ የሚገባበትን ቀን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ነው። ያውቃል። ሲስተሙ ስላላወቀ ግን እሱም አላወቀም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ሕዝቡ ለቅበላ የሚበቃውን ሸምቶ ከገባ በኋላ፣ የባሕር ዳሩ መኪና ደረሰ። እንቁላል ተራገፈ። ቅቤ ተራገፈ። ደግሞ እንቁላል ተራገፈ። እስከ ጣሪያው ሞላ፤ ሱቁ ከተከፈተ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስተሙና መደርደሪያው ተስማሙ። ዘይት ግን አንድም ጀሪካን አልወረደም። እንዳላማው ባሕር ዳር ደወለ፤ ስልኩ ድምፁ ከፍ ያለ ስለነበር ሁላችንም ሰማን።

«ዘይት ነበር እኮ የምንፈልገው።»

«ሲስተማችሁ ዘይት አልፈለገም» አለ የዚያኛው ወገን ሊቀ ሲስተም።

«ሁዳዴ ገባ እኮ፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ? ሲስተሙ ነው።»

የገዛ ቃሉ በሰው አፍ ተመልሶ ሲመጣበት ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች አስቀመጠው። ወለተ ሐዋርያት ባዶ ጀሪካኗን ይዛ በር ላይ ቆማለች።

«እንዳላማው፣ ዘይቱስ?»

«አልታዘዘም፣ እትዬ።»

«ማነው ያላዘዘው?»

«ሲስተሙ።»

«እስቲ ጥራልኝ፣ ላነጋግረው።»

«ሰው አይደለም እኮ፣ እትዬ።»

«እሱንማ አየሁት። ሰው ቢሆን ይጾም ነበር።»

ሳቅን። እሷ አልሳቀችም። ጀሪካኗን ወደ ሌላው እጇ አዛወረችና «እንግዲህ ሰኞ ቤቴን እዘጋለሁ» ብላ ሄደች። እንዳላማው እስክትታጠፍ ድረስ በዓይኑ ሸኛት። ከማሽኑ ሌላ ነገር ያን ያህል ሲያይ ተመልክቼው አላውቅም።

በማግስቱ እሑድ ደምበጫ ለቅሶ ደርሼ ልመለስ ስል፣ እዚያው ደምበጫ ነጭ ሸሚዙን የለበሰ እንዳላማው ከባጃጅ ሲወርድ አየሁት። ክፋቴን አልደብቅም፤ ላላግጥበት ተከተልኩት። የገባው አንሙት ዘንድ ነው። አንሙት የደምበጫው ማኅበር ሱቅ ኃላፊ ነው፤ ኮምፒውተር ገና አልደረሰውም። እንዳላማው ከዚያ በፊት ስሙን ሲያነሳ «ያ የእርሳስ ዘመን ሰው» ነበር የሚለው። የእርሳሱ ሰው ሁዳዴ መግባቱን አስቦ ደውሎ አዝዞ ኖሮ፣ ቤቱ በዘይት ተሞልቷል።

«ምነው ወንድምዓለም፣» አለ አንሙት፣ «ሲስተሙ ታመመ?»

«በእመቤታችን፣ አታላግጥብኝ። ለአንዲት ሴት ነው። ሁለት ጀሪካን ስጠኝ፣ የኛ ሲመጣ እመልሳለሁ።»

«እሰጥሃለሁ። ብቻ ዘይቱን የረሳው ማን እንደሆነ ንገረኝ።»

«ሲስ...»

«እንግዲያው ከሲስተሙ ውሰድ።»

እንዳላማው ጀሪካኖቹን አየ። ወደ በሩ ዞረ፤ እኔን አየ። ይህ ባሰበት። ከዚያ «እኔ ነኝ» አለ። ድምፁ ጥርሱን እንደሚነቀል ሰው ነበር።

ሁለታችንም አንድ አይሱዙ ላይ ተሳፈርን። አንደኛው ጀሪካን ክዳኑ አልገጥም ብሎ፣ ከአማኑኤል ወዲህ በየጉድጓዱ ዘይቱ ይፈናጠር ጀመር። ሰውየው ጀሪካኑን እንደ ሕፃን ታቅፎ፣ አፉን በመዳፉ ደፍኖ እስከ ማርቆስ አንዴም ሳያወርደው ገባ። ላላግጥበት ያዘጋጀሁትን ሁሉ እንደያዝኩ ወረድኩ።

ሰኞ ጠዋት ወለተ ሐዋርያት ደጅ ደረስኩ። ምን ልሠራ እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ጀሪካኖቹ በሯ ላይ ተቀምጠዋል፤ እንዳላማው አጠገባቸው ቆሟል፣ ያንኑ ሸሚዝ እንደለበሰ፣ ከአንገትጌው እስከ ቀበቶው ዘይት ጠጥቷል።

«እግዜር ይስጥህ፣ ልጄ» አለችው።

«እኔ አይደለሁም፣ እትዬ» አለ ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙሮ። «ሲስተሙ ነው የላከው።»

ወለተ ሐዋርያት ወደኔ ዞረች። ሐሰተኛ ማጋለጥ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩበት ሥራ ነው፤ ቃሉም አፌ ላይ ነበር።

«አዎ» አልኩ። «ሲስተሙ ነው።»

ሸሚዙን ከላይ እስከ ታች አየችውና፣ «እንግዲያው ለሲስተሙ ንገሩልኝ» አለች። «ሸሚዙን አውልቆ ያምጣልኝ፣ በእንዶድ አጥብለታለሁ።»